የቦይለሯ መርዶ

ቦይለር ምን እንደሆነ ላስረዳችሁ። አልጠየቃችሁኝም፤ አውቃለሁ። የስድስተኛ ክፍል ልጆቼም ጠይቀውኝ አያውቁም። አስተማሪ ግን ጥያቄ እስኪመጣለት ከጠበቀ ደወሉ ይቀድመዋል።

ቦይለር ማለት ቤዝመንት፣ ማለትም ምድር ቤት ውስጥ ተቀምጣ ውሃ የምታሞቅ ትልቅ የብረት ድስት ናት። የሞቀው ውሃ በቧንቧ ወደ ላይ ይወጣል፤ በየክፍሉ ያሉት ራዲያተሮች ሙቀቱን ተቀብለው ለቤቱ ያካፍላሉ። እዚህ ሚኒሶታ፣ ሴንት ፖል ውስጥ አብዛኛው ቤት የሚሞቀው በጋዝ ነው። እኔ የምኖርበት የፍሮግታውን ሰፈር አሮጌ ቤት ግን እስከ ዛሬ በናፍጣ ነው የሚሞቀው። ከቦይለሯ ጎን የናፍጣ ታንክ አለ። ከታንኩ ቀጭን የመዳብ ቧንቧ ይወጣል፤ ቧንቧው ፊልትሮ ውስጥ ያልፋል፤ ፊልትሮው ቆሻሻውን አስቀርቶ ንጹሑን ናፍጣ ለእሳቱ ያቀብላል። ይኸው ነው። ሰሌዳ ቢኖረኝ ሥዕሉን ሠርቼ ባሳየኋችሁ ደስ ይለኝ ነበር።

ፊልትሮውን አትርሱት። ጉዴ የጀመረው እዚያ ነው።

ቤቱ የጋሽ ተኽሌ ነው። ጋሽ ተኽሌ ኤርትራዊ ናቸው፤ አዲስ አበባ የተማሩ፣ አማርኛቸው ከእኔ የጠራ፣ ሲናደዱና ሲደነግጡ ብቻ ትግርኛ የሚቀላቅሉ ጡረተኛ። ሚስታቸው ካረፉ ቆይተዋል። አንዲት ልጃቸው ኮሎምበስ፣ ሌላ ግዛት ውስጥ ናት። እሳቸው ከታች፣ እኔ ከላይ እንኖራለን።

ቀን ቀን መቶ ሃያ ልጅ «ሚስተር! ሚስተር!» እያለ ይጠራኛል። ከዘጠኝ ተኩል በኋላ ግን በዚህ ከተማ የሚጠራኝ ሰው የለም። ባልደረቦቼ ኮሪደር ላይ ሲያልፉ «ሃው አር ዩ?» ይሉኛል፤ መልሱን ለመስማት የቆመ ግን አላጋጠመኝም። አንድ ጊዜ አንዷን እስከ መኪናዋ ድረስ ተከትዬ መልሴን ጨርሼላታለሁ። ከዚያ ወዲህ በሌላ በር ነው የምትወጣው።

ቤት ስገባ ደረጃው ሲጢጥ ይላል። ያን ጊዜ ከታች የጋሽ ተኽሌ ድምፅ ይመጣል።

«መጣህ?»

«መጣሁ።»

አለቀ። ወሬያችን በአብዛኛው ቀን ይህችው ናት። እንግዲህ ሰው የሚኖርበትን ቤት የሚወድበት ምክንያት ብዙ ነው፤ አንዱ በመስኮቱ፣ ሌላው በመኪና ማቆሚያው ይወደዋል። እኔ ይህን ቤት የምወደው በ«መጣህ?» ነው። ስለዚህ ከዚህ ቤት መውጣት አልፈልግም ነበር። እንዴት እንደሚወጣም አውቃለሁ። ከእኔ በፊት አንድ ተከራይ ነበራቸው። ያስወጡት የሙቀቱን ቁልፍ ስለነካ አይደለም፤ «አልነካሁም» ስላላቸው ነው። ጋሽ ተኽሌ ይህን ታሪክ ባገኙት አጋጣሚ ይነግሩኛል፤ ሲጨርሱም ትንሽ ትክ ብለው ያዩኛል።

ጥር መግቢያ ላይ ልጃቸው የመጀመሪያ ልጇን ወለደች። ወንድ። አርባ ቀን ሞልቶት ክርስትና እስኪነሣ ልቆይ ብለው ተነሡ። ወደ ኤርፖርት የሚወስዳቸው መኪና ውስጥ ሻንጣቸውን ካስገባሁላቸው በኋላ መስኮቱን ዝቅ አደረጉ።

«ማሽኗን አደራ።»

«ምን ላድርግላት?»

«ምንም። አትንካት።»

«ድንገት ግን ብትበላሽ...»

«ወደይ!» አሉኝ፤ በትግርኛ «ልጄ» ማለት ነው፤ «አትንካት ነው የምልህ። ለዚህ ምን ማብራሪያ ያስፈልገዋል?»

አራት ቀን አልነካኋትም። ይህ ይመዝገብልኝ።

አምስተኛው ቀን ቅዳሜ ዋለ። ውጭ ብርዱ የአፍንጫ ፀጉር ያደርቃል። ውስጥ ጸጥታው የባሰ ነበር። ራዲያተሩ ብቻ አልፎ አልፎ «ኳ!» ይላል። አንድ ጊዜ ሳላስበው «አቤት» ብዬ መለስኩለትና ራሴን ታዘብኩ። ብቻውን የሚኖር ሰው ድምፅ ወዳለበት ይሄዳል፤ እኔም ቤዝመንት ወረድኩ። ባዶ እጄን ደግሞ አልወረድኩም፤ ወረቀትና ማጣበቂያ ይዣለሁ። ታንኩ ላይ «ታንክ» ብዬ ለጠፍኩ። ፊልትሮው ላይ «ፊልትሮ» ብዬ ለጠፍኩ። የቦይለሯ ሆድ ላይ በትልቁ «አትንካ» ብዬ ለጠፍኩ። ይህን ለመለጠፍ ነካኋት።

ቀና ስል ፊልትሮው ሥር አንዲት ጠብታ አየሁ። ሰዓት ያዝኩ። በአርባ ሴኮንድ አንድ ጠብታ። ሌላ ሰው ቢሆን ጎድጓዳ ሳህን አስቀምጦለት ወደ ላይ ይወጣል። እኔ ሳህኑንም አስቀመጥኩ፤ ደብተርም አምጥቼ ሠንጠረዥ አሰመርኩ። ቀን፣ ሰዓት፣ የጠብታ ፍጥነት፣ አስተያየት። ደብተሩን በገመድ አስሬ ከቧንቧው አንጠለጠልኩት። ከዚያ መፍቻ ፈለግኩና የፊልትሮውን ብሎን ጠበቅ አደረግኩት። ትንሽ። ከዚያ ደግሞ ትንሽ። ከዚያ ለእርግጠኝነት ትንሽ።

«ቅጭ» አለ።

በአምስት ሴኮንድ አንድ ጠብታ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስረዳ። በሁለት ብረት መሃል የምትቀመጥ፣ መካኒኮች ጓርኒሲዮን የሚሏት ቀለበት አለች። ፈሳሹን የምትይዘው እሷ ናት እንጂ የብሎኑ ጥንካሬ አይደለም። ስታረጅ ትደርቃለች፤ የደረቀች ቀለበት ደግሞ ብትጫናት ትሰነጠቃለች። ይህን ሁሉ ያነበብኩት ከ«ቅጭ» በኋላ ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ሲባል ስሰማ እስቅ ነበር፤ ለካ ሴትዮዋ አስተማሪ ኖራለች።

«ለባለሙያ ለምን አልደወልክም?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ እጅህን አውርድ። ባለቤቱ ሳያውቅ ባዕድ ሰው ቤቱ አይገባም። ባለቤቱ እንዲያውቅ ደግሞ ሊነገረው ይገባል። ልነግራቸው ስልኩን ካነሣሁ በኋላ ግን ያሉት አራስ ቤት መሆኑ ትዝ አለኝ። ስለዚህ ምክር ልጠይቅ ብዬ ለእትዬ ለተብርሃን ደወልኩ። እትዬ ለተብርሃን ሮዝቪል ነው የሚኖሩት። ከጋሽ ተኽሌ ጋር ኤርፖርት ውስጥ ለዓመታት በጽዳት አብረው ሠርተዋል፤ የሰርጉም የለቅሶውም አስተባባሪ እሳቸው ናቸው።

«እትዬ፣ ፊልትሮው ሊክ እያደረገ ነው። ለጋሽ ተኽሌ ልንገራቸው?»

«ምን አልክ? አራስ ቤት ክፉ ወሬ ልታስገባ?»

«ቦይለር ነው እኮ።»

«ይሁና! ተኽሌን አታውቀውም። ደም ብዛት አለበት። ዛሬ ብትነግረው ነገ ሕፃኑን አስቀምጦ፣ መኪና ሬንት አድርጎ፣ በበረዶ ድራይቭ እያደረገ ይመጣል። ከዚያ ሬሳውን ማን ሊያነሣ ነው?»

ከናፍጣ ጠብታ ተነሥተን በአንድ ትንፋሽ ሬሳ ላይ ደረስን።

«ሲደውሉስ ምን ልበላቸው?»

«ደህና ናት በል። ሲመጣ ሰው ተሰብስቦ በወጉ ይነገረዋል።»

«በወጉ ይነገረዋል» ሲባል እናንተ የታሰባችሁ ነገር ለእኔም ታስቦኝ ነበር። ግን ታላቅ ሰው ናቸው፤ እሺ አልኩ።

እሑድ ጋሽ ተኽሌ ደወሉ። «ማሽኗ እንዴት ናት?» አሉ፤ የእኔን ደህንነት እንኳ የጠየቁት ሁለተኛ ነው። «ደህና ናት፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩ። እግዚአብሔርን ማስገባቴ እስካሁን ይከነክነኛል።

በዚያው ሰሞን እትዬ ለተብርሃን ጋሽ ጀማልን ላኩልኝ። ጋሽ ጀማልም የኤርፖርት ባልደረባቸው ነበሩ፤ ከዚያ በፊት ግን አዳማ ውስጥ የአውቶብስ መካኒክ ነበሩ። አሁን ኒው ሆፕ ከልጃቸው ቤተሰብ ጋር አፓርታማ ውስጥ ይኖራሉ። በሁለት አውቶብስ፣ የመሣሪያ ሳጥን ተሸክመው፣ ጢማቸው ላይ ውርጭ ተንጠልጥሎ ደረሱ።

«ቦይለር ሠርተው ያውቃሉ ጋሽ ጀማል?»

«ቦይለር ምንድን ነው? የማይሄድ አውቶብስ ነው።»

እኔ ግን አስረዳኋቸው። ከታንኩ ጀምሬ፣ ቧንቧውን ተከትዬ፣ የለጠፍኳቸውን ወረቀቶች በጣቴ እየጠቆምኩ ወደ ሩብ ሰዓት ያህል አስረዳኋቸው። እሳቸው የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጠው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ይህን ያደረገልኝ ሰው በሚኒሶታ እሳቸው የመጀመሪያው ናቸው።

«ጨረስክ ቲቸር?»

«ጨርሻለሁ።»

«እንግዲያው ሳሙና አምጣ።»

ያለኝ የገላ ሳሙና ነበር፤ አበባ አበባ የሚሸት። አሸተቱት፤ ፊታቸውን አጨማደዱ፤ ግን በቢላ ፍቀው በጣታቸው እንደ ሊጥ አሹትና የፊልትሮውን ወገብ ለሰኑት። ጠብታው ቆመ። እኔ አፌን ከፈትኩ።

«በእኛ አገር» አሉ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ፣ «መንገድ ላይ የነዳጅ ታንክ ሲቀደድ ሹፌሩ ምን ያደርጋል? ጋራዥ ይጠራል? ሳሙናን ውሃ ያሟሟዋል፣ ናፍጣ ግን አያሟሟውም። ሳይንስ ነው። አታስተምሩም እንዴ?»

አናስተምርም። የሳይንስ አስተማሪ ነኝ፤ አላውቀውም ነበር።

«ግን ሳሙና ፋሻ ነው እንጂ መድኃኒት አይደለም» አሉ። «በየሁለት ቀኑ መታየት አለበት።»

በየሁለት ቀኑ መጡ። በሁለተኛው ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ጎዳና ላይ ካለ ሱቅ ጠንካራ የልብስ ሳሙና ገዝተው መጡ። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ በረንዳው ላይ ሳጥናቸው ላይ ተቀምጠው አገኛቸዋለሁ። ወርደን ሳሙናውን እናያለን፤ እሳቸው ይቀባሉ፣ እኔ እመዘግባለሁ። ከዚያ ወደ ላይ እንወጣና ምስር እሠራለሁ። ምስር ለሁለታችንም ሃይማኖት ሰላም ነው፤ ሥጋው የማን ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። የእኔ ምስር ጨው ይበዛበታል። «ከዚህስ ናፍጣው ይሻላል» ይሉና ሁለተኛ ይጨምራሉ።

አንድ ቀን የአዳማን አውቶብሶች በየስማቸው ነገሩኝ። አንድ ቀን ስለ ልጅ ልጆቻቸው ነገሩኝ። «ከትምህርት ቤት ሲመጡ 'ሃይ' ይሉኛል። እኔም 'ሃይ' እላለሁ። ከዚያ እነሱ ወደ ክፍላቸው፣ እኔ ወደ መስኮቱ። መስኮቱ የሚያሳየው ፓርኪንጉን ነው። የሁሉንም መኪና ድምፅ ለይቻለሁ፤ የሁለተኛ ፎቁ ሰውዬ ፍሬኑ አልቋል። ልንገረው ብዬ ወርጄ ነበር፤ ፖሊስ ሊጠራብኝ ሲል ተመለስኩ።»

እኔም የኮሪደሯን ባልደረባዬን ታሪክ ነገርኳቸው። እስኪያስላቸው ሳቁ።

ጠብታውን በተመለከተ፣ ሠንጠረዡ እንደሚያሳየው ይቀንስ ነበር። በሃያ ሦስተኛው ቀን ዜሮ ሆነ። ጋሽ ጀማል ጎንበስ ብለው ፊልትሮውን ከሥሩ አዩት፤ በጣታቸው ነኩት፤ ጣታቸው ደረቅ ነው። ለረጅም ጊዜ ጣታቸውን አዩ።

«ይዟል» አሉ። «እንግዲህ መመላለስ አያስፈልገኝም።»

«አልሐምዱሊላህ በሉ እንጂ» አልኩ።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ፤ ሳጥናቸውን አንሥተው ሄዱ።

በሃያ ስድስተኛው ቀን ፊልትሮው እንደገና ማፍሰስ ጀመረ። ለምን እንደሆነ ቦታው ሲደርስ ትሰማላችሁ፤ አሁን መናገር አልፈልግም። ብቻ ደወልኩላቸው፤ ጋሽ ጀማልም ጫማቸውን በቅጡ ሳያስሩ መጡ። ሳሙናውም፣ ምስሩም፣ ወሬውም ካቆሙበት ቀጠሉ። ጋሽ ተኽሌም እሑድ እሑድ ይደውላሉ። «ማሽኗ?» «ደህና ናት።» እያንዳንዷ «ደህና ናት» ስትወጣ ያ የቀድሞ ተከራይ ሻንጣውን ይዞ ደረጃውን ሲወርድ ይታየኛል።

አርባው ቀን ሞላ። ሕፃኑ ክርስትና ተነሣ። ጋሽ ተኽሌ በሚመለሱበት ዕለት፣ በዕለቱ፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ ቤቱ ቀዝቅዟል። በሚያፈሰው በኩል አየር ገብቶ እሳቱን አጥፍቶታል። ቦይለሯ ላይ እሳቱን መልሳ የምታስነሣ ቀይ ቁልፍ አለች፤ ከጎኗ «ከአንድ ጊዜ በላይ አትጫን» የሚል ማስጠንቀቂያ ተጽፏል። ይህን ማስጠንቀቂያ ወደ አማርኛ የተረጎምኩት፣ በጥሩ እጅ ጽሑፍ የለጠፍኩትም እኔ ነኝ። ሰባት ጊዜ ተጫንኩት። ከሰባተኛው በኋላ ማሽኗ ጨርሳ ተቆለፈች።

ጋሽ ጀማል መጥተው አየር አስወጡ፤ ነካኩ፤ መታ መታ አደረጉ። አልተነሣችም።

«አውቶብስ ብትሆን» አሉ በሐዘን፣ «ገፍተን እናስነሣት ነበር።»

በመጨረሻ ለባለሙያ ደወልኩ። በዚያ ብርድ ሁሉም ሰው የሚደውለው ለእሱ ነው፤ ነገ ጠዋት በአራት ሰዓት እመጣለሁ አለ። ለእትዬ ለተብርሃን ነገርኳቸው። ያን ጊዜ የለቅሶ አስተባባሪነታቸው መጣባቸው። ጋሽ ተኽሌን ከኤርፖርት ተቀብለው ቤታቸው እንዳይሄዱ «መንገዱ በረዶ ነው፣ ዛሬ እኔ ጋ ታድራለህ» ብለው ሮዝቪል ወሰዷቸው። ጠዋት ሰው ተሰብስቦ ይጠብቃቸዋል። በወጉ።

እናንተ አሁን ይህን ስታነቡ ነገሩ ገብቷችኋል። ለእኛ ግን አልገባንም። ሰው መሃሉ ሆኖ ሲያየው ሁሉም ነገር ምክንያት አለው። ቤት ያላሳደርናቸው ቤቱ ስለቀዘቀዘ ነው። ጥቁር ካፖርት የለበስነው ቤቱ ስለቀዘቀዘ ነው። ከማኅበራቸው የመጡት ሁለት እናቶች ነጠላ የተከናነቡት ቤቱ ስለቀዘቀዘ ነው። ሳሎኑ ውስጥ በአንድ ረድፍ ተጠጋግተን፣ አንገታችንን ቀብረን የተቀመጥነውም እንዲሁ ከብርዱ የተነሣ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ በሩ ተከፈተ። ጋሽ ተኽሌ ሌሊቱን ዓይናቸው እንዳልተከደነ ያስታውቃሉ። ረድፉን ከዳር እስከ ዳር አዩት። ሻንጣቸው ከእጃቸው ወደቀ።

«ማን ነው?» አሉ ቀስ ብለው።

ጋሽ ጀማል ተነሥተው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። የተስማማነው «ቦይለሯ ተበላሽታለች፣ ባለሙያ እየመጣ ነው» የሚል ነበር። ግን እንዲያ ያለ ፊት ያየ ሰው ወዲያው ቦይለር ማለት አይሆንለትም።

«ተኽሌ ወንድሜ» አሉ፤ «እንግዲህ የሰው ልጅ ሁላችንም...»

«ዋይ ኣነ!» ጋሽ ተኽሌ ሁለት እጃቸውን ጭንቅላታቸው ላይ ጫኑ። «ወንድሜ ነው? አስመራ ያለው ነው? ንገሩኝ!»

ከሁለቱ እናቶች አንደኛዋ፣ ስለምን እንደመጡ በትክክል ያልተነገራቸው ይመስለኛል፣ ማልቀስ ጀመሩ።

«ኧረ ማንም አልሞተም!» ብለው ጮኹ እትዬ ለተብርሃን ከኋላ።

«ታዲያ ማን ነው የታመመው?»

«ቦይለሯ ናት» አልኩ እኔ።

ያለቀሱት እናት ዝም አሉ።

«ቦይለሯ?»

«ትናንት ቆመች። ምክንያቱን ላስረዳ፤ ፊልትሮው ውስጥ...»

እጃቸውን አንሥተው አስቆሙኝ። ወንበር ላይ ቁጭ አሉና ፊታቸውን ሸፈኑ፤ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። መሳቅ ይሁን ማልቀስ እስከ ዛሬ አላወቅኩም። ከዚያ ተነሥተው ብቻቸውን ቤዝመንት ወረዱ። ስንጠብቅ ቆየን። ሲመለሱ በእጃቸው ደብተሩን ይዘዋል።

ደብተሩን ረስቼው ነበር።

«ይህ የማን ጽሕፈት ነው?»

«የእኔ ነው።»

«አሰማመርህ ያምራል» አሉ። በጎ ምልክት አልነበረም። መነጽራቸውን አደረጉና ጮክ ብለው ማንበብ ጀመሩ፤ እንደ ቀድሞ ተማሪ፣ ቃል በቃል።

«'ቀን ሃያ ሦስት። ጠብታ፣ ዜሮ። አስተያየት፣ ጋሽ ጀማል ከእንግዲህ አልመጣም አሉ። ቀን ሃያ አራት። ጠብታ፣ ዜሮ። ማንም አልመጣም። ቀን ሃያ አምስት። ጠብታ፣ ዜሮ። ማንም አልመጣም። ቀን ሃያ ስድስት...'» እዚህ ላይ ቆም አሉ። «'ቀን ሃያ ስድስት። ሳሙናውን በጥፍሬ ፋቅሁት። ጠብታ፣ በአሥር ሴኮንድ አንድ። ለጋሽ ጀማል ደወልኩ።'»

ሥርዓት ያለው ሰው መሆን እንዲህ ነው። ሌላው ወንጀሉን ይደብቃል፤ እኔ ሠንጠረዥ ውስጥ አስገባዋለሁ።

ደብተሩን ዘጉት። «በየእሑዱ ስጠይቅህ 'ደህና ናት' ስትለኝ ነበር።»

«ተኽሌ፣ እኔ ነኝ እንዳትነግረው ያልኩት...» አሉ እትዬ ለተብርሃን።

«ቆዪ ለተ። 'አትንገረው' ያልሽው አንቺ ነሽ። 'ፋቀው' ያልሽው ግን አንቺ አይደለሽም።» ወደ እኔ ዞሩ። «ለምን ፋቅከው?»

ዕድሜዬን ሙሉ ያልተጠየቅኩትን ሳስረዳ ኖሬያለሁ። አሁን ሰው ጠየቀኝ። አምስት ሰው መልሴን ለመስማት ይጠብቃል። ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሁለት ጊዜ ተውኩት።

«ቤቱ ጸጥ ብሎ ነበር» አልኩ።

የሁላችንም ትንፋሽ እንደ ጭስ ይታያል። ያኔ ጋሽ ጀማል የካፖርታቸውን የውስጥ ኪስ ፈተሹና የታጠፈ ሶፍት አወጡ። ፈቱት። ውስጡ አንዲት ጥቁር ቀለበት ነበረች።

«ምንድን ነው እሱ?» አሉ ጋሽ ተኽሌ።

«ጓርኒሲዮኑ።»

«መቼ አገኘኸው?»

«በመጀመሪያው ሳምንት።» ቀለበቷን እያዩ ነበር የሚናገሩት። «ለመግጠም አሥር ደቂቃ አይፈጅም ነበር።»

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ?»

«ተኽሌ፣ ከገጠምኩት በኋላ ምን ብዬ ልምጣ? ሳሙናውንም እኮ ሳሳ እያደረግኩ ነበር የምቀባው። በሃያ ሦስተኛው ቀን ጨክኖ ያዘ እንጂ።»

ጋሽ ተኽሌ አንድ ጊዜ እሳቸውን፣ አንድ ጊዜ እኔን፣ እንደገና እሳቸውን አዩ።

«አንድ ሕፃን ላቅፍ ብዬ» አሉ፣ «ቤቴን ለሁለት ሕፃን ጥዬ ሄጃለሁ።»

እትዬ ለተብርሃን ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም፤ ጋሽ ተኽሌ ዓይናቸውን ከእኔ ላይ አላነሡም።

«የማሽኗ ነገር ማሽን ነው። የአንተን በኋላ እንነጋገራለን» አሉኝ።

በአራት ሰዓት ባለሙያው መጣ። ረጅም፣ ቀይ ጢም ያለው፣ ወሬ የማያበዛ ሰው ነው። ወረቀቶቼን እያየ ወደ ውስጥ ዘለቀ፤ ማንበብ ባይችልም «ሶ ኦርጋናይዝድ» አለ። ጋሽ ጀማል መዳፋቸውን ዘረጉለት። ቀለበቷን አነሣ፣ በብርሃን አያት፣ «ፐርፌክት» አለና ገጠማት። ተቆልፎ የነበረውንም ከፈተው። ፊልትሮውን የከበበውን ሳሙና በጣቱ ነክቶ አሸተተ። ምን እንደሆነ አልጠየቀም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቴ እኔም አላስረዳሁም። ከአንድ ሰዓት በኋላ ቦይለሯ አጉረመረመችና ነደደች።

ሰውዬው ሄደ። ሁለቱ እናቶችም ጋሽ ተኽሌን ስለ ሕፃኑ እንኳን ደስ አለህ ብለው ሄዱ። ራዲያተሩ ቀስ በቀስ ሞቀ፤ ካፖርቶች አንድ በአንድ ወለቁ። እትዬ ለተብርሃን የሕፃኑን ፎቶ ከጋሽ ተኽሌ ስልክ ላይ እያዩ «አፍንጫው ያንተ ነው፣ እግዚአብሔር ይርዳው» ይሉ ነበር። እኔ በሩ አጠገብ ቆሜያለሁ፤ መቀመጥ ይገባኝ እንደሆነ አላወቅኩም። በሐሳቤ መጻሕፍቴን በካርቶን መደርደር ጀምሬ ነበር፤ በርዕስ ልደርድራቸው ወይስ በቁመት የሚለው ጥያቄ ላይ ደርሻለሁ።

ጋሽ ጀማል «እንግዲህ ልነሣ» አሉ። አልተነሡም። ትንሽ ቆይተው «ልነሣ እንግዲህ» አሉ። አሁንም አልተነሡም። በሦስተኛው ሳጥናቸውን ይዘው ብድግ አሉ፤ ደፉ ላይ ደርሰው ዞሩ።

«ሐሙስ ብቅ ብዬ አየዋለሁ።»

«ምኑን ታየዋለህ?» አሉ ጋሽ ተኽሌ። «ተሠራ እኮ።»

«አለመፍሰሱን።»

ጋሽ ተኽሌ ስልካቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። ጋሽ ጀማልን አላዩም፤ ያዩት እኔን ነው።

«ሐሙስ ከትምህርት ቤት በስንት ሰዓት ነው የምትወጣው?»

«በዘጠኝ ተኩል» አልኩ።

«እንግዲያው በአሥር ሰዓት ና» አሏቸው ጋሽ ጀማልን።